ገመድ የሌለው ማይክሮፎናችንና መቀበያው

(በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከንብረት ክፍል ለአባላት የቀረበ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩትን ነፍሳቸውን ይማር፣ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናቱን ይስጥልን እንላለን። ቀጥሎም ስለ አንድ የእድር ዕቃ ይህን ያህል ጊዜ ወስደን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እናመሰግናለን።

ባለፈው ጉባኤ የተነሣውን ጥያቄ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። «ገመድ የሌለው ማይክሮፎን ተብሎ በመዋጯችን ተገዛ፤ አንድ ቀን ይሰማል፣ ሁለት ቀን ይንኮሻኮሻል፤ ተሽጦ ገንዘቡ ለድንኳን መጠገኛ ይዋል» የተባለው ነው። ጉባኤውም የንብረት ክፍል ነገሩን መርምሮ እንዲያቀርብ፣ ውሳኔው ከዚያ በኋላ እንዲሰጥ ተስማማ። እኛም ዓመቱን ሙሉ በየለቅሶው እየተከታተልን፣ ሙያው ያላቸውንም ሰዎች እየጠየቅን ዕቃውን ፈተንነው። ያገኘነውን በአጭሩ ብንናገር፣ ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ያጠፋነው እኛ ነን። ሁላችንም ማይክሮፎኑን ስናይ፣ መቀበያውን ያየው ሰው አልነበረም።

ነገሩን ከተነሣበት እንጀምር። እናታቸውን ያጡ አንዲት እኅታችን በቀብሩ ዕለት የሟቿን የሕይወት ታሪክ እያነበቡ ነበር። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ከሞንታርቦው ጠፋና «ሙሽሮቹ ደርሰዋል፣ እባካችሁ መንገድ ልቀቁ» የሚል የሌላ ሰው ድምፅ ወጣ። ከድንኳናችን ራቅ ብሎ ሠርግ ነበር፤ የሠርጉም አስተናባሪ እንደ እኛው ያለ ገመድ የሌለው ማይክሮፎን ይዟል። ለቀስተኛው አንገቱን ደፋ። እኅታችን ወረቀታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ያ የቀረው ግማሽ እስከ ዛሬ አልተነበበም። ቤተሰቡ «የእናንተ ጥፋት አይደለም» ብሎ አጽናንቶናል፤ ለቅሶ ደራሹ በለቀስተኛ ሲጽናና ማለት ይህ ነው። ጥፋቱ ግን የእኛ እንደ ነበረ ዛሬ አውቀናል። እንዴት እንደ ሆነም እንነግራችኋለን።

በመጀመሪያ ዕቃው ለምን እንደ ተገዛ እናስታውስ። ድሮ የእድር ድምፅ የለፋፊው ጡሩምባ ነበር። ጡሩምባው «ሰው ሞቷል፣ ውጡ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው በአፉ ይናገራል። በእኛ አገር ለቅሶ ሜዳ ላይ ነው፤ ሕዝቡ ከደጋውም ከሐይቁ ዳርም ይመጣል። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ሙዝ የጫነ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር የተናጋሪው ቃል ይዋጣል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የዓባያ ነፋስ ይነሣል። ስለዚህ ድምፅ ማጉያ ተገዛ። ነገር ግን የማይክሮፎኑ ገመድ በለቀስተኛው እግር መካከል እየተጎተተ ሰው አደናቀፈ፤ አስከሬን የተሸከሙ ሰዎች እግር ላይ የተጠመጠመበትም ቀን ነበር። ገመድ የሌለው የተፈለገው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ለጌጥ አይደለም።

ዕቃው በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። ሹር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ቫጋቦንድ» ብሎ የሰየመውን ገመድ የሌለው ማይክሮፎን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ያኔ ለመድረክ ሰዎች ነበር የተሠራው። ዛሬ ግን በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየሠርጉና በየእድሩ ይገኛል። መብዛቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ከመብዛቱ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ዕቃው ሁለት አካል አለው። አንዱ በእጅ የሚያዘው ነው፤ እርሱ ማይክሮፎን ብቻ ሳይሆን በውስጡ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ አለው። ሁለተኛው ከአምፕሊፋየሩ ጋር በገመድ የሚያያዘው ትንሽ ሣጥን ነው፤ መቀበያ እንለዋለን፣ በሱቅ ሪሲቨር ይሉታል። የዲሹ ሪሲቨር አይደለም፣ እንዳይምታታ። በቤታችን ያለው ሬዲዮ የኤፍ ኤም ጣቢያን እንደሚይዝ፣ ይህም ሣጥን በእጅ የተያዘውን ትንሽ ጣቢያ ይይዛል። ልዩነቱ የኃይል ነው። የከተማ ጣቢያ ትልቅ ምሰሶና ብዙ ኃይል አለው፤ የእኛው ግን በሁለት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ስለሆነ ኃይሉ በጣም ጥቂት ነው። በመሆኑም ደካማ ድምፅ የሚያዳምጥ ሰው ጸጥ ያለ ቦታ መርጦ ጆሮውን እንደሚያቀና፣ ለመቀበያውም ቦታ መምረጥ ያስፈልጋል።

ቦታውን በሚመለከት እስከ ዛሬ ያደረግነው ይህን ነበር። መቀበያውን መሬት ላይ፣ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ፣ አቧራ እንዳይነካው ብለን በጨርቅ ሸፍነን እናስቀምጠዋለን። ከፊቱ ሞንታርቦ፣ ከኋላው የቆርቆሮ ግድግዳ፣ በመካከሉም መቶ ሰው። ይህ ሁሉ ስሕተት ነው። የሬዲዮ ሞገድ ከብረት ጋር ሲገናኝ እንደ ኳስ ይመለሳል፤ ውሃ ያለበትን ነገር ሲያገኝ ደግሞ ይጠጣል። የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ነው፤ የሙዝ ግንድም እንደዚሁ። በምዕራብ ዓባያ ደግሞ ድንኳን ተክለን ከአንዱ ጎን የሙዝ ተክል የማይኖርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ መቀበያው በጠረጴዛ ወይም በቋሚ እንጨት ላይ፣ ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ከተናጋሪው እጅ እስከ መቀበያው ድረስ በዓይን የሚታይ ክፍት መስመር መኖር አለበት። ተናጋሪውን ካላየ መቀበያውም አይሰማም ብለን እንያዘው። ከቆርቆሮ ግድግዳ፣ ከአምፕሊፋየርና ከስልክ ራቅ ይበል። ስልክ ከመቀበያውና ከድምፅ ገመዱ አጠገብ ሲሆን ያ የምናውቀው «ትር ትር» የሚል ድምፅ ይገባል። ደግሞም ማይክሮፎኑ ራሱ ወደ መቀበያው ከ3 ሜትር የበለጠ ባይቀርብ ይመረጣል፤ ከመጠን በላይ መቅረብም እንደ መራቅ ይጎዳል።

በመቀበያው ላይ ሁለት አንቴና ያለው ለምንድን ነው የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ሞገዱ በቀጥታም ይመጣል፣ ከቆርቆሮና ከመኪና ተመልሶም ይመጣል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዳንድ ቦታ ላይ ይጠፋፋሉ። ተናጋሪው እየተራመደ ሳለ ድምፁ በድንገት ተቋርጦ አንድ እርምጃ ሲሄድ የሚመለሰው ለዚህ ነው። አንዱ አንቴና በጠፋበት ቦታ ሌላው ይይዛል፤ መቀበያውም የተሻለውን ይመርጣል። ስለዚህ ሁለቱ አንቴናዎች ተጠጋግተው መቆም የለባቸውም። እንደተዘረጋ ሁለት ጣት አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ይዘንበሉ። አንቴናውንም ከሌላ ዕቃ ነቅሎ መግጠም አይገባም፤ ርዝመቱ እንደ ሞገዱ ነው። ይህን ማስላት ከባድ አይደለም። 300ን በሜጋ ኸርዙ ቁጥር ብታካፍሉ የሞገዱን ርዝመት በሜትር ታገኛላችሁ። ለምሳሌ በ500 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ ዕቃ ሞገዱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የአንቴናው አንድ አራተኛ 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በ200 ሜጋ ኸርዝ ለሚሠራው ግን አንድ አራተኛው 37 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። የአንዱ አንቴና ለሌላው የማይሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደዚያ ቀን ጥፋት እንመለስ። እያንዳንዱ ዕቃ የሚነጋገርበት የሞገድ ቁጥር አለው፤ በተለምዶ ፍሪኩዌንሲ የምንለው ነው። በዱቡሻ ላይ የተቀመጠ ሰው ሕጉን ያውቀዋል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፣ ተራ ሳይሰጥ የሚናገር የለም። በሞገድም ላይ እንደዚሁ ነው። በአንድ ቁጥር ላይ አንድ ተናጋሪ ብቻ ነው የሚቻለው። ሁለት ሰዎች በአንድ ቁጥር ቢናገሩ እንዲህ ያለው መቀበያ ሁለቱን እኩል አያሰማም፤ ጠንክሮ የደረሰውን ይይዝና ደካማውን ይጥላል። ያን ቀን የእኛና የሠርጉ ዕቃ በአንድ ቁጥር ላይ ነበሩ። እኅታችን ፊታቸውን ወደ እኛ አድርገው ሲያነቡ የእርሳቸው ድምፅ ጠንካራ ስለነበረ ይሰማ ነበር። በመካከሉ ወደ አስከሬኑ ዞሩ፤ ማን አይዞርም? ገላቸው በማይክሮፎኑና በመቀበያው መካከል ገባ። የባትሪ ድንጋዩም ካለፈው ለቅሶ የተረፈ ነበር። መቀበያው መሬት ላይ ነበር። የእርሳቸው ሞገድ ሲደክም የሠርጉ በረታ። ዕቃው ያደረገው የታዘዘውን ነው፤ የበረታውን ድምፅ አወጣ። መቀበያ ለቅሶና ሠርግ አይለይም።

ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው አምስት ደቂቃ ነው። ሕዝቡ ሳይሰበሰብ በፊት ማይክሮፎኑን ሳናበራ መቀበያውን ብቻ እናበራለን፤ የአምፕሊፋየሩ ድምፅ እስከ ታች ድረስ ይዘጋል። በመቀበያው ፊት ሞገድ ሲደርሰው የሚበራ መብራት አለ። የእኛ ማይክሮፎን ጠፍቶ ሳለ ያ መብራት ከበራ፣ በዚያ ቁጥር ላይ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ቁጥሩን ቀይረን እንደገና እናያለን። መብራቱ ጠፍቶ የሚቆይበትን ቁጥር ስናገኝ ማይክሮፎኑንም ወደዚያው ቁጥር እናዞራለን። ከዚያም አንዱ ማይክሮፎኑን ይዞ ድንኳኑን ዙሪያውን እየተናገረ ይሄዳል፣ ሌላው መብራቱን ይመለከታል። መብራቱ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ተናጋሪ እንዳይቆምበት ይደረጋል፣ ወይም መቀበያው ይዛወራል። የዋጋቸው ከፍ ያለ አንዳንድ ዕቃዎች የራሳቸውን ማይክሮፎን በተሰወረ ምልክት ለይተው ሌላውን አናስገባም ይላሉ፤ የእኛው ግን ይህ የለውም። ስለዚህ በር ጠባቂው እኛው ነን።

ጎረቤትንም መጠየቅ ነውር አይደለም። በዚያ ቀን ሠርግ ካለ፣ ወይም በአቅራቢያው ጉባኤ የሚያካሂድ ቤተ ክርስቲያን ካለ፣ አንድ ሰው ልከን «እናንተ በየትኛው ቁጥር ናችሁ? እኛ በዚህ ነን» ማለት ይቻላል። ድንኳንና ድስት የምንዋዋስ ጎረቤቶች አይደለንም እንዴ? ቁጥር መነጋገር ከዚያ ይቀላል። እኛም ከአካባቢው እድሮችና ከቤተ እምነቶች የድምፅ ሰዎች ጋር ተነጋግረን የእያንዳንዱን ቁጥር በአንድ ደብተር ላይ መጻፍ ጀምረናል።

ሁለት ወይም ሦስት ማይክሮፎን በአንድ ጊዜ ስናበራ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ሁለት ሞገዶች ሲገናኙ እንደ ልጅ ሌላ ሞገድ ይወልዳሉ። የመጀመሪያውን ቁጥር በ2 አባዝታችሁ ሁለተኛውን ቀንሱ፤ እንደገናም ሁለተኛውን በ2 አባዝታችሁ የመጀመሪያውን ቀንሱ። ለምሳሌ አንዱ በ520፣ ሌላው በ522 ሜጋ ኸርዝ ቢሠራ፣ የሚወለዱት በ518ና በ524 ላይ ናቸው። ሦስተኛውን ማይክሮፎን በ524 ላይ ብታደርጉት ሲንኮሻኮሽ ይውላል፤ በ525 ብታደርጉት ግን ይሠራል። ቄሱ አንድ፣ ፓስተሩ አንድ፣ አስተባባሪው አንድ ማይክሮፎን በያዙበት ለቅሶ ላይ ሦስቱም የተበላሹት በዚህ ምክንያት ነበር። ያን ጊዜ ዕቃው ረከሰ ብለን ነበር። ሒሳቡን አለማወቃችን ነው። የዕቃው ፋብሪካ አብረው የሚሄዱ ቁጥሮችን በቡድን ለይቶ ስለሚሰጥ፣ ከአንድ ቡድን መምረጥ ሒሳቡን ያቀልላል።

ሞገድ የአገር ሀብት መሆኑንም መርሳት አይገባም። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሬዲዮ ሞገድን የመደልደልና የመቆጣጠር ሥልጣን አለው። ስለዚህ ዕቃ ስንገዛም ሆነ በስጦታ ስንቀበል በየትኛው ሞገድ እንደሚሠራ ማየትና የተፈቀደ መሆኑን መጠየቅ ይገባናል። በተለይ ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን አስበውልን የሚልኩት ዕቃ አለ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን በአሜሪካ አገር በ700 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ የሚሠሩ ማይክሮፎኖች ከሰኔ 5 ቀን 2002 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በ600ዎቹ ውስጥ ካሉትም አብዛኞቹ ከሐምሌ 6 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ እንዳይሠሩ ተከልክለዋል፤ ሞገዱ ለእጅ ስልክ ስለ ተሰጠ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ እዚያ በርካሽ ይሸጣል። ልጆቻችን ርካሽ አገኘን ብለው ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ቁጥሩን ይጻፉልን፣ እኛም ጠይቀን እንመልስላቸዋለን።

አሁን ስለ ዕለት ሥራው ቅደም ተከተል እንናገር፤ ወጣቶች በተለይ ይህን ያዙልን።

ሲከፈት፦ በመጀመሪያ መቀበያው ይበራል፣ ቀጥሎ ማይክሮፎኑ፣ በመጨረሻ አምፕሊፋየሩ ይበራና ድምፁ ቀስ እያለ ከፍ ይደረጋል። ሲዘጋ ይህ ይገለበጣል፦ በመጀመሪያ የአምፕሊፋየሩ ድምፅ ይወርዳል፣ ከዚያ ማይክሮፎኑ ይጠፋል፣ መቀበያው በመጨረሻ ይጠፋል። ማይክሮፎኑ ቀድሞ ከጠፋ መቀበያው ባዶውን ሰማይ ሲያዳምጥ እንደ ነጎድጓድ የሚጮህበት ጊዜ አለ። ሐዘንተኛ ላይ እንዲህ ያለ ድምፅ መልቀቅ ድንጋይ ከመወርወር አይለይም።

ስለ ገመዱ፦ ከመቀበያው ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው ገመድ አንድ ብቻ ነው፤ በጀርባው «ማይክ» እና «ላይን» የሚል መምረጫ አለ። በአምፕሊፋየሩ የማይክሮፎን ቀዳዳ ላይ ከተሰካ «ማይክ» ላይ ይሁን፤ «ላይን» ላይ ከተተወ ድምፁ እንደ ተቀደደ ከበሮ ይሆናል።

ስለ ድምፅ መጠን፦ አዛውንት ዝግ ብለው ይናገራሉ፣ ለፋፊው ይጮኻል። ከማይክሮፎኑ ላይ ያለው ማስተካከያ ለሁለቱም አንድ ሆኖ መቆየት የለበትም። በመቀበያው ላይ ያለው የድምፅ መብራት አረንጓዴ ሆኖ አልፎ አልፎ ብቻ ወደ ቀይ ቢነካ ጥሩ ነው። ቀይ ሆኖ ከቆየ ከአምፕሊፋየሩ ሳይሆን ከማይክሮፎኑ ነው የሚቀነሰው። የዓባያ ነፋስ ሲነሣ ስፖንጁ ከማይክሮፎኑ ራስ ላይ አይውለቅ።

ስለ ማገጃው፦ በመቀበያው ላይ ደካማ ሞገድን የሚያግድ ትንሽ ማስተካከያ አለ። እጅግ ከላላ የሌላ ሰው ጩኸት ይገባል፤ እጅግ ከጠበቀ ደግሞ ተናጋሪያችን ራቅ ሲል የራሳችንን ድምፅ ይዘጋብናል። መጀመሪያ ጩኸቱ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ማጥበቅ፣ ከዚያ እጅን ማንሣት ነው። በየደቂቃው መነካካት የለበትም።

ስለ ፉጨት፦ ፉጨት የመቀበያው ጥፋት አይደለም። ከሞንታርቦው የወጣው ድምፅ ተመልሶ በማይክሮፎኑ ሲገባ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ያፏጫል። ተናጋሪው ከሞንታርቦው ኋላ ይቁም፤ ሞንታርቦው ወደ ሕዝቡ ይዙር። የማይክሮፎኑን ራስ በመዳፍ መሸፈን ያስቆመዋል የሚሉ አሉ፤ እንዲያውም ያብሰዋል።

ስለ ባትሪ ድንጋይ፦ ለእያንዳንዱ ቀብር አዲስ ድንጋይ ይገባል። የተረፈው ለእጅ ባትሪ ይዋል እንጂ ለሌላ ቀብር አይቆይ። እንደገና የሚሞላው ዓይነት አንዱ 1.2 ቮልት ነው፣ አዲሱ የሚጣለው ዓይነት ግን 1.5 ቮልት ነው፤ ስለዚህ መለኪያው ቶሎ ቢወርድባችሁ አትደንግጡ፣ ግን ሰዓት ቁጠሩ። ከለቅሶ በኋላ ድንጋዩ ይውጣ። በዚህ ሙቀት ውስጥ ከተተወ ጨው አውጥቶ ዕቃውን ይበላዋል።

መብራት ሲጠፋም ማይክሮፎኑ በድንጋዩ ይሠራል፣ መቀበያው ግን አይሠራም፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ጀነሬተር ሲነሣ መጀመሪያ ላይ ኃይሉ ስለሚዘል፣ መቀበያው ተነቅሎ ጀነሬተሩ ከረጋ በኋላ ይሰካል። ያም ሆነ ይህ የድሮው ባለ ገመድ ማይክሮፎን ሁልጊዜ ተሰክቶ ከተናጋሪው አጠገብ ይቀመጣል። ያን ቀን እርሱ በሣጥን ተቆልፎ ነበር። ከሣጥኑ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ እኅታችን አይቋረጡም ነበር።

አንድ ነገር ይቀረናል፤ ከሁሉም የከበደው እርሱ ነው። እስከ አሁን የተናገርነው ድምፅ እንዲሰማ ነው። እንዳይሰማ የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ። በሌላ ለቅሶ ላይ አንድ አባት በአንገታቸው ላይ የሚሰካውን ትንሹን ማይክሮፎን እንዳደረጉ ንግግራቸውን ጨርሰው ወደ ቤት ገቡ። ከሟች ልጅ ጋር ስለ ውርስና ስለ ዕዳ በጆሮ የተነጋገሩት ቃል ሜዳ ላይ ለተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ በሞንታርቦ ተነበበ። ሮጠን ስንዘጋው አልፏል። ከአፍ የወጣ ቃል አይመለስም፤ በማይክሮፎን የወጣማ ምን ይባላል? ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲህ ከመቀበያው አጠገብ የማይለይ አንድ ሰው ይመደባል። ሥራው ማየት ነው፤ ተናጋሪው ቃሉን ሲጨርስ እጁ ድምፁን ያወርዳል። ሐዘንተኛ «ዝጉት» ብሎ እስኪለምን አይጠበቅም። ቤተሰቡ ያለ ድምፅ ማጉያ ልናለቅስ እንፈልጋለን ካለም፣ ዕቃው ከነሣጥኑ ይቀመጣል።

ድምፅ ማጉላት ብቻውን ሰው እንደማያሰማም በዚህ አገር ያለን ሰዎች እናውቃለን። መስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ በቁጣ የወጣውን ወጣት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ በፊቱ ተንበርክከው መልሰውታል። ያን ቀን የሠራው የሞንታርቦ ኃይል አልነበረም። እኛ የምንለው ይህን ነው፤ ቃሉ የአባቶች ነው፣ ዕቃው ግን ቃሉን ሳያጣምም ወደ ኋላ ላሉት ማድረስ አለበት። ከኋላ የሚቀመጡት ብዙውን ጊዜ የደከሙ እናቶችና ከሩቅ የመጡ ለቀስተኞች ናቸው።

በመሆኑም የንብረት ክፍል ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ዕቃው አይሸጥ። ሁለት ወጣቶች ይመረጡና በዚህ ሥራ ይሠልጥኑ፤ አንዱ ከሌለ ሌላው ይኑር። ለመቀበያው ከፍ ያለ ማስቀመጫ በእንጨት ይሠራ፤ ለዚህ ከእድሩ ሣጥን ብዙ ገንዘብ አይወጣም። ለየቀብሩ የባትሪ ድንጋይ መግዣ ከዕዝኑ ወጪ ጋር ይያዝ። የቁጥሩ ደብተር በጸሐፊው ዘንድ ይቀመጥ። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም የማይሰማ ከሆነ፣ በሚመጣው ዓመት እኛው ራሳችን «ይሸጥ» ብለን እጃችንን እናወጣለን።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናሳውቃችሁ። የእኚያ እናት ሙት ዓመት ተቃርቧል። ቤተሰቡን ሄደን ጠይቀን ነበር፤ እኅታችንም ፈቅደውልናል። ያን ዕለት የእናታቸውን ታሪክ፣ ካቋረጡበት ሳይሆን ከመጀመሪያው አንሥተው እስከ መጨረሻው ያነቡታል። እኛ ከጠዋቱ ጀምሮ እዚያ እንገኛለን፤ ቁጥሩን መርጠን፣ አዲስ ድንጋይ አግብተን፣ ባለ ገመዱንም አጠገባቸው አኑረን እንጠብቃለን። እናንተም እንድትገኙልን እንለምናለን። ከኋላ የምትቀመጡት እጃችሁን አንሥታችሁ «ይሰማል» እንድትሉን ነው የምንፈልገው።

 እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቀን፤ ለደስታ ያገናኘን።